ቀን ካርድ ክፍል፣ ማታ ዳታቤዝ

የማታ ተማሪ መሆኔን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከአፍ አይወጣም እንጂ ከፊት ላይ ይነበባል። የማታ ትምህርት እውን ትምህርት ነው ወይ? ሥራ ላይ ውሎ የደከመ አእምሮ ፕሮግራሚንግ ይገባዋል ወይ? ለደረጃ እድገት የሚያስፈልግ ወረቀት ፍለጋ አይደለም ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። መደበኛው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪ በ4 ዓመት የሚጨርሰውን፣ እኛ በየሴሚስተሩ የምንይዘው ክሬዲት ሰዓት ስለሚያንስ፣ ረዘም ባለ ጊዜ እንጨርሰዋለን። ያልተነገረው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

የማታ ትምህርት በአገራችን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው የማታ ትምህርት ቤት ቀን ሥራ ላይ የሚውሉ አዋቂዎችን ያስተምር ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የኤክስቴንሽን ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ቢሮዎች 11፡30 ላይ ሲዘጉ ከሚወጣው ሠራተኛ መካከል ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ክፍል የሚሄደው ጥቂት አይደለም። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። የምሠራው በአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።

ካርድ ክፍልን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን የሚያውቀው በመስኮቱ በኩል ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ሌላ ዓለም ነው። የታካሚው ማኅደር በቁጥር ይደረደራል። ቁጥሩን ይዞ የመጣ ሰው ካርዱ ወዲያው ይወጣለታል። የቁጥር ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ግን በስሙ ይፈለጋል፤ ፈተናውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ምክንያቱም ስሙ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል ሳይሆን፣ በዚያን ቀን ተረኛ የነበረው ሠራተኛ በመሰለው ፊደል ነው። የካርዱ ቁጥር የጠፋባት እናት ልጇን አዝላ ቆማ፣ እኛ መዝገብ እናገላብጣለን። ካርዱ ካልተገኘ አዲስ ይወጣላታል። አዲስ ካርድ ወጣ ማለት ደግሞ ያለፈው ሕክምናዋ ሁሉ፣ የማይስማማት መድኃኒት ሳይቀር፣ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው። ይህ ነገር ማታ ክፍል ከመግባቴ በፊትም ያንገበግበኝ ነበር። መፍትሔ ያለው ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ኮርስ ስንጀምር መምህራችን ስለ ዋና ቁልፍ አስረዱ። አንድን ሰው ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገም፣ የማይለወጥ መለያ ያስፈልጋል፤ ስም ለዚህ አይሆንም፤ ስም ይደጋገማል። ወጣቶቹ የክፍል ጓደኞቼ ጻፉትና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ስም የማይሆንበትን ምክንያት በየቀኑ ነው የምኖረው። ቁልፉ የጠፋበት ሰው በስሙ መፈለጉ እንደማይቀር ደግሞ መጽሐፉ አይነግረኝም፤ ካርድ ክፍል ነው የነገረኝ። ስለዚህ ጥያቄዬ ሌላ ሆነ፦ ስም ቁልፍ ካልሆነ፣ ቢያንስ ጥሩ መፈለጊያ እንዲሆን ምን እናድርግ?

እስቲ «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያ ያለው ፊደል በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም ይጻፋል። መካከል ያለው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ሲነበብ ለአማርኛ ጆሮ ልዩነት የለውም። ሁለቱን ስናባዛ 12 አጻጻፍ ይወጣል። «ኃይለ ሥላሴ» ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል 6 አማራጭ፣ «ሥ» 2፣ «ሴ» 2 አለው፤ 24 ማለት ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍት ቦታ መኖር አለመኖሩን ስንጨምርበት 48 ይሆናል። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን 48 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል፤ የተጻፈለትን እንጂ የሚነበበውን አያውቅምና።

ፊደሎቻችን በኮምፒውተር ውስጥ በምን ዓይነት ቁጥር እንደሚቀመጡ ያየሁበት ማታ የትምህርት ዘመኔ ትልቁ ደስታ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል መስፈርት አለ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። በ16 መሠረት በሚቆጠረው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ «ሀ» 1200 ነው፤ «ሁ» 1201፣ «ሂ» 1202፣ «ሃ» 1203 እያለ «ሆ» 1206 ላይ ይደርሳል። «ሐ» 1210 ላይ ይጀምራል፣ «ኀ» 1280 ላይ፣ «ሠ» 1220 ላይ፣ «ሰ» 1230 ላይ። በእነዚህ ረድፎች የመጨረሻው አኃዝ ፊደሉ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ራብዕ ይሁን ሳድስ ይናገራል። የኔታ በዜማ ያስቆጠሩን ገበታ በቁጥር ተሰድሮ እዚያው ተቀምጧል! ይህ ማለት «ሓ»ን ወደ «ሃ»፣ «ሡ»ን ወደ «ሱ» የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ቀላል የመቀነስና የመደመር ሥራ ነው ማለት ነው። በክፍል ሥራዬ ላይ ያደረግሁት ይህንን ነው። የታካሚው ስም ራሱ በፈለገው ፊደል ይቀመጣል፤ አንድ ሆሄ አይነካበትም። ከጎኑ ግን ሌላ ዓምድ ይኖራል። በዚያ ዓምድ ውስጥ ስሙ በአንድ ወጥ ፊደል ተጽፎ፣ ክፍት ቦታው ወጥቶለት ይገባል። ፍለጋው የሚካሄደው በሁለተኛው ዓምድ ነው። 48ቱ ኃይለ ሥላሴዎች አንድ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ሞክሼ ፊደላት ይቅሩ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፊደሉ የተሸከመው ታሪክ ለኮምፒውተር ምቾት ተብሎ የሚቀነስበት ምክንያት አይታየኝም። የሚለወጠው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙን የምንጽፈው ደግሞ እኛው ነን።

የዕድሜ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በዳታቤዝ ንድፍ ላይ ዕድሜ የሚሳለው በተቆራረጠ መስመር በተከበበ ክብ ነው፤ ከልደት ቀን የሚሰላ እንጂ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት። ትክክል ነው። በመደርደሪያችን ላይ «ዕድሜ 45» የሚል ካርድ አለ፤ ሲጻፍ 45 የነበሩት ሰው ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን የልደት ቀን ይመዝገብ ሲባል ከገጠር የመጡ አባት የተወለዱበትን ቀን ከየት ያምጡት? «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው»፣ «ለአብዮቱ ልጅ ነበርኩ» ይላሉ። ሠራተኛው ቅጹ እንዲያልፍለት ቀን ይፈጥርላቸዋል። ስለዚህ ፈጠራ የሆነ የልደት ቀን ከሚገባ፣ ታካሚው የተናገሩት ዕድሜና የተናገሩበት ቀን አብረው ቢመዘገቡ ይሻላል። የዛሬ ዕድሜያቸው ከሁለቱ ይሰላል፤ ግምት መሆኑም አይደበቅም። ይህን ለመምህሬ ባቀረብኩላቸው ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አሰቡና «ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ግን ትክክል ነው» አሉኝ። ያንን ቃል የትኛውም ግሬድ አይተካልኝም።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ብዙ አልልም፤ በዚህች አገር ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ወር ከ12 በላይ ሲሆንበት ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን አልመዘግብም ይላል፤ ጥቅምት 30ንም ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ቀጠሮ ሲሰጥ የሰዓታችን የ6 ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል። በቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሲባል እኛ ዘንድ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። ሁሉም ቀላል ነገር ነው፤ አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው ከተገኘ።

የምለው ይህንን ነው፦ የማታ ተማሪ ጥያቄውን ከሥራው ይዞ ይመጣል። በክፍላችን ውስጥ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ አለች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ የትራፊክ ፖሊስ አለ። መምህሩ ስለ ትራንዛክሽን ሲያስተምሩ ከአንድ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው የሚገባ ገንዘብ ወይ ሙሉ በሙሉ መፈጸም አለበት፣ ወይ ከነአካቴው አለመፈጸም አለበት አሉ። የባንኳ ሠራተኛ እጇን አነሳችና ተቀንሶ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ ሲያጋጥም ደንበኛው ምን ብሎ እንደሚጮህ፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚፈርምበት ነገረችን። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ትራንዛክሽን ያልገባው ሰው አልነበረም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስለ ኔትወርክ ገመድ ሲያወራ፣ ገመዱ ከኃይል መስመር ጋር ተጠግቶ ለምን መዘርጋት እንደሌለበት መምህሩ እንኳ ጠይቀውታል። እንዲህ ያለው ክፍል ደካማ ክፍል ነው ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ማታ መጥቶ ይቀመጥ።

ይህን ስል ዋጋውን መሸሸግ አልፈልግም። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በዚህ ትምህርት ውስጥ በሌላ በምንም አይተካም። ታሪክን በታክሲ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። ፕሮግራሚንግ ግን እጅ ይፈልጋል። ኮድ ተጽፎ፣ አልሠራ ብሎ፣ ምክንያቱ ተፈልጎ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና እንቢ ሲል ነው የሚለመደው። አንድ የጠፋች ነጠላ ምልክት ማታን ሙሉ ልትወስድ ትችላለች። ቀን የሚማረው ተማሪ ይህን ሲያደርግ ከጎኑ ጓደኛ አለው፤ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራው (ላቡ) ክፍት ነው፤ ረዳት መምህሩ በኮሪደሩ ያልፋል። እኛ ከሥራ ወጥተን፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቀን፣ 12 ሰዓት ላይ ክፍል ገብተን፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ላቡን የሚከፍተው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሄዷል። የሚያስፈልገን ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱን ነው የምናጣው። ለክሬዲት ሰዓቱ ከኪሳችን የምንከፍለው ብር ላቡንም የሚጨምር ይመስለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላብ ለማታ ተማሪ ይከፈት ብለን በተደጋጋሚ ጠይቀናል። አዳራሽ አልጠየቅንም፤ አዲስ ሕንፃ አልጠየቅንም፤ የተከፈተ በርና መብራት ነው የጠየቅነው። አሁንም እጠይቃለሁ።

ላፕቶፕ ያለው ቤቱ ይሠራል። ቤት ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ልጅ ይታመማል፤ እንግዳ ይመጣል። ኢንተርኔት ርካሽ የሚሆነው በሌሊት ጥቅል ነውና ትልቅ ፋይል ማውረድ ያለበት ሰው እንቅልፉን ይሰዋል። ባለቤቴ የፈተና ሰሞን ልጆቹን አብልቶ አስተኝቶ ይጠብቀኛል። እናቴ «ልጄ፣ ዐይንሽን አታጥፊው» ትለኛለች እንጂ አንድም ቀን ተዪው ብላኝ አታውቅም። የማታ ተማሪ ዲግሪ የአንድ ሰው ዲግሪ አይደለም። በምረቃ ቀን ጋውን የሚለብሰው አንድ ሰው ይሁን እንጂ ሳህን ያጠበው፣ በር የከፈተው፣ ልጅ ያባበለው ሁሉ ድርሻ አለው።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣን ብዙ ዓመት ያለፈን ሰዎች አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ እናነባለን። ጥሩ መምህር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ይሰጥና፣ ነገሩን በአማርኛ አፍታቶ፣ በምናውቀው ሥራ እያስረዳ ይመልሰናል። እንዲህ ያሉ መምህራን አግኝቻለሁ፤ ቀን አስተምረው ማታ የሚደግሙ፣ ከእኛ እኩል የደከሙ ሰዎች ናቸው። ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ይህን ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናውን አልቃወመውም። የማታ ዲግሪን በጥርጣሬ ለሚያይ ቀጣሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ማለፊያ። ነገር ግን ፈተናው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርቶችም ይጠይቃል። ለቀን ተማሪ ያ ትምህርት የቅርብ ነው። ለእኛ ግን ዓመታት ተቆልለውበታል። ለዚህ ነው እኔና ጥቂት ጓደኞቼ እሁድ እሁድ እየተገናኘን ወደ ኋላ ተመልሰን የምንከልሰው፤ አንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስረዳል፣ አንዷ ኔትወርክ፣ እኔ ዳታቤዝ። ዩኒቨርሲቲዎች የማታ ተማሪን የማጠናከሪያ ትምህርት በሥራ ቀን ጠዋት ባያደርጉት ትልቅ ውለታ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ አጫጭር የኢንተርኔት ኮርሶች አሉ ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር እኔም አይቼዋለሁ፤ በነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ለታናሽ ወንድሜም መክሬዋለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ከአንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በላይ ነው። መረጃ እንዴት እንደሚነደፍ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ከሰው ሥራ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተከታትሎ ማወቅ ረጅም መንገድ ይጠይቃል፤ መንገዱንም ወድጄዋለሁ።

መጠበቅ ካልኩ አይቀር፣ ይህንን ጉዳይ በክፍላችን ውስጥ ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምይዘው እኔ ነኝ። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው የጎረቤቱን ምስጢር ያውቃል። የማን ደም ምን እንደተገኘበት፣ ማን ለምን እንደተኛ በእጁ ያልፋል፤ አፉን ግን ይዘጋል። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የአፍ መዝጋቱ ጉዳይ የፕሮግራሙ ሥራ ይሆናል። ማን ምን ያያል? ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል ወይ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውን ጥበቃ በሠንጠረዥና በይለፍ ቃል መተርጎም የኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው። ለክፍል ሥራዬ የእውነተኛ ታካሚ ስም አንድም ጊዜ አልተጠቀምኩም። ሁሉንም ፈጥሬ ነው የሞላሁት። ፋይዳም መጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል፣ የዋና ቁልፉን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ሆኖም ራሱን ስቶ በአምቡላንስ የመጣ ሰው ቁጥሩን አይነግረንም። የስም ፍለጋው ሥራ አያልቅም።

አሁን የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላይ ነኝ፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለካርድ ክፍል የሚሆን የታካሚ ስም ማውጫ እየነደፍን ነው። የሲስተም አናሊስስ ኮርስ መጀመሪያ ሠራተኛውን ጠይቅ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ አሠራሩን ተመልከት ይላል። እኔ የምጠይቀው ሰው ለብዙ ዓመታት አጠገቤ ተቀምጦ ኖሯል። ጋሼ የምንላቸው የካርድ ክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ ሰውን የሚፈልጉበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ስም አልገኝ ሲል «ባለፈው ስትመጪ ማን ይዞሽ ነበር የመጣው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰፈሩን፣ የባልን፣ የአስታማሚውን ስም ይዘው ይመለሳሉ፤ ካርዱንም ያገኙታል። «ልጄ፣ ስም ብቻውን ሰው አያመጣም፤ ከማን ጋር እንደመጣ ጠይቂ» አሉኝ። ስለዚህ በንድፋችን ውስጥ የአስታማሚ ስምና ቀበሌ የመፈለጊያ ዓምድ ሆነው ገብተዋል። ሌላ አገር ተሠርቶ የመጣ ሶፍትዌር ይህን ዓምድ ለጌጥ ያስቀምጠው ይሆናል፤ ለእኛ ግን ዋናው በር ነው።

የፕሮጀክት አማካሪያችን ባለፈው ንድፉን ሲመለከቱ ገና ያልመለስነውን ጥያቄ አነሱ። ሕፃን ሲወለድ ስም የለውም። ክርስትና የሚነሳው ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነው፤ በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ በ7ኛው ቀን ስም ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «የእገሊት ልጅ» ተብሎ በእናቱ ስም ነው። መንታ ሲሆንስ? ስም ሲወጣለትስ የድሮው ካርድ ከአዲሱ ስም ጋር የሚያያዘው በማን እጅ ነው? እኔ የልደት ቅደም ተከተልና የእናት ቁጥር አንድ ላይ ሆነው ጊዜያዊ ቁልፍ ይሁኑ የሚል ሐሳብ አለኝ፤ አንደኛው ጓደኛዬ ደግሞ ሕፃኑ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ የራሱ ቁጥር ይኑረው፣ ስሙ ባዶ ሆኖ ይቆይ ይላል። የእሱ ሐሳብ እየበለጠብኝ መጥቷል። ከመወሰናችን በፊት ግን የማዋለጃ ክፍል አዋላጆችን መጠየቅ አለብን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃቸው ሲለወጥ እናነጋግራቸዋለን።